የቀሩትን መቁጠር፦ ስፔስ ኦፔራ በቴሌቪዥን ለምን ቁም ነገር ይሻል?

ስፔስ ኦፔራ በሚባለው የሳይንሳዊ ልብወለድ ዘርፍ ሰው የሚያልቀው በቢሊዮን ነው። የፕላኔት ሙሉ ሕዝብ በአንድ ምት አመድ ይሆናል፤ የተረፉት በመርከብ ተጭነው ይሰደዳሉ፤ አሳዳጁም አይታክትም። ዘርፉ የታወቀው ግን በዋዛው ነው፦ በሚያብረቀርቅ ሽጉጥ፣ በቀልደኛ ጀግና፣ በሚያስቅ ሮቦት። አሜሪካዊው ዊልሰን ተከር በ1941 ስሙን ያወጣለትም ለማንቋሸሽ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሚተረከው ነገር ይህን ያህል ከባድ፣ የሚተረክበት ቃና ይህን ያህል ቀላል መሆኑ በሲኒማ ሊታለፍ ይችላል። በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ግን አይታለፍም። ይህን ለመመርመር ሁለት ጊዜ የተሠራ አንድ ታሪክ ይጠቅመናል፤ ባትልስታር ጋላክቲካ።

ግሌን ላርሰን የፈጠረው የመጀመሪያው ባትልስታር ጋላክቲካ በኤቢሲ ጣቢያ መታየት የጀመረው በሴፕቴምበር 1978 ነው። ሳይሎን የተባሉ ሮቦቶች የሰው ልጅ የሚኖርባቸውን አሥራ ሁለት ዓለማት ይደመስሳሉ። የተረፈው ሕዝብ አዳማ የተባለ አዛዥ በሚመራው የጦር መርከብ ዙሪያ ተሰባስቦ ምድር የምትባለውን አገር ፍለጋ ይወጣል። ለሐዘን ከዚህ የበለጠ ምን ምክንያት አለ? ነገር ግን በዚያው በመክፈቻው ክፍል ስደተኞቹ ካሪሎን የምትባል ፕላኔት ላይ ቁማር ቤት ያገኛሉ፤ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ። ቁማር ቤቱ በኋላ ወጥመድ ሆኖ ይገኛል፤ እስከዚያው ግን ድራማው ራሱ ከተዝናኞቹ ጋር ይዝናናል። ውሻው የሞተበት ቦክሲ የተባለ ሕፃን የሮቦት ውሻ ይሰጠዋል፤ በሮቦቱ ቆዳ ውስጥ የምትንቀሳቀሰው ቺምፓንዚ ነበረች። ልጁ ይስቃል፤ ውሻውም፣ አሥራ ሁለቱም ዓለማት ይረሳሉ። ተከታታዩ አንድ የቴሌቪዥን ዓመት ብቻ ቆይቶ ተቋረጠ።

ላርሰንን ብቻውን መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው ስታር ዎርስም አልደራን የተባለችውን ፕላኔት ከነሕዝቧ ያጠፋል። የአልደራን ልዕልት የሆነችው ሊያ ከጥቂት ትዕይንቶች በኋላ የአንድ ሽማግሌ ሞት ያሳዘነውን ወጣቱን ጀግና ሉክን ስታጽናና እናያለን። እርሷን ያጽናናት የለም! እንዲያም ሆኖ ፊልሙ አይፈርስም፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ድል ተገኝቶ፣ ሜዳልያ ተሰጥቶ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተከታታይ ድራማ ይህ መውጫ የለውም። ባለታሪኮቹ በሚቀጥለው ሳምንትም ይመጣሉ። ምን በሉ? ማን ሞተባቸው? የተበሳው መርከብ በምን ተጠገነ? ድራማው እነዚህን ጥያቄዎች ካልመለሰ፣ ተመልካቹ ባለፈው ሳምንት ያየው እልቂት ውሸት እንደነበረ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የአዋቂ ቃና የምለው ይህን የማስታወስ ግዴታ መቀበልን ነው። መብራት ማደብዘዝና ፊት ማጨፍገግ ከዚህ ጋር የግድ አይገናኙም።

የስታር ትሬክ ቤተሰብ የሆነው ቮየጀር (1995–2001) ግዴታውን አውቆት የሸሸ ነው። መርከቧ ከምድር 70 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቃ ትጠፋለች። ገና በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች 38 ቶርፒዶ ብቻ እንዳላቸው፣ ሲያልቅም የሚተኩበት መንገድ እንደሌለ ይነገራል። ድንቅ አጀማመር ነበር። ሆኖም በሰባት ዓመት ውስጥ መርከቧ ከ38 በላይ ተኩሳለች፤ ከየት አመጣችው የሚል የለም። በየሳምንቱም ታጥባ፣ ተወልውላ፣ አዲስ መስላ ትቀርባለች። በስታር ትሬክ ለዓመታት የጻፈው ሮናልድ ዲ. ሙር በ1999 ወደ ቮየጀር ተዛውሮ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ። ትችቱንም በግልጽ ተናግሯል፤ እንዲህ የጠፋች መርከብ መጎዳት፣ መቆሸሽ፣ መለወጥ አለባት የሚል ነበር።

በዲሴምበር 2003 በሳይ ፋይ ቻናል የታየው የሙርና የዴቪድ አይክ አዲሱ ባትልስታር ጋላክቲካ ለዚህ ትችት የተሰጠ መልስ ይመስላል። ካሜራው በትከሻ ተይዞ ይንቀጠቀጣል፤ በጠፈር ያለው ፍንዳታ ታፍኖ ይሰማል፤ የጥሩንባ ማርሽ ቀርቶ ከበሮ ይመታል። በሥልጣን ተዋረድ 43ኛ የነበረችው የትምህርት ሚኒስትር ላውራ ሮዝሊን ከእርሷ በላይ ያሉት ሁሉ በማለቃቸው በመርከብ ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጽማ ፕሬዚዳንት ትሆናለች፤ አሜሪካዊ ተመልካች በ1963 ሊንደን ጆንሰን በአውሮፕላን ውስጥ የማለበትን ፎቶግራፍ ሳያስታውስ ይህን ማየት አይችልም። ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን የሮዝሊን ነጭ ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ የተረፈው የሰው ልጅ ቁጥር ተጽፏል። ሰው ሲሞት ይፋቃል፤ ዝቅ ተደርጎ ይጻፋል። ፕሬዚዳንቷ የምትይዘው እንደ እድር ጸሐፊ መዝገብ ነው፤ ማን እንደቀረ ሳይታወቅ ማን ምን እንደሚደርሰው አይታወቅምና።

የተከታታዩ መደበኛ ክፍሎች የመጀመሪያ የሆነውና በ2005 የሁጎ ሽልማት ያገኘው «33» ሲጀምር ቁጥሩ 50,298 ነው። ሳይሎኖች በየ33 ደቂቃው ይመጣሉ፤ መርከቦቹ በየ33 ደቂቃው ይሸሻሉ። ከአምስት ቀን በላይ፣ ከ230 ጊዜ በላይ እንዲህ ሆኗል። የተኛ የለም። ለምን 33 እንደሆነ ድራማው አያብራራም፤ ባያብራራም መልካም አደረገ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ምክንያት አይመረምርም። ከዚያ ኦሊምፒክ ካሪየር የተባለችው፣ ከ1,300 በላይ መንገደኛ የያዘችው መርከብ ትጠፋና ዘግይታ ብቅ ትላለች። ሳይሎኖች ይከተሏታል፤ ኒውክሌር ጦር መሣሪያ እንደጫነች ምልክት ይታያል። የአዳማ ልጅ ሊ በተዋጊ አውሮፕላኑ ጎኗ ድረስ ተጠግቶ በመስኮቶቿ ያያል፤ ሰው አይታየውም። ሰው አልነበረም ማለት ነው? ድራማው አይነግረንም። ሮዝሊን ታዛለች፣ ሊ ይተኩሳል። በክፍሉ መጨረሻ አንድ ሕፃን ይወለድና ፕሬዚዳንቷ ሰሌዳው ላይ አንድ ትጨምራለች፤ 47,973።

በአሮጌው የዘርፉ ልማድ ጉዳዩ እዚህ ይዘጋ ነበር። እዚህ ግን የሚቀጥለው ክፍል ሲከፈት ሊ የተኮሰባትን መርከብ ከአእምሮው ማውጣት አቅቶታል። በዚያው ክፍል የጦር መርከቧ የጋላክቲካ የውኃ ታንከሮች በሻጥር ይፈነዳሉ፤ ያፈነዳችው ሰው የምትመስል ሳይሎን መሆኗን ራሷም በውል የማታውቅ አብራሪ ናት። ውኃ ይፈለጋል፣ በረዶ ሆኖ ይገኛል። በሦስተኛው ክፍል በረዶውን ቆፍሮ የሚያወጣ ጉልበት ይታጣል፤ በአንዷ መርከብ ያሉት እስረኞች ትዝ ይላሉ። እስረኞቹን የሚመራው ቶም ዛሬክ ግን ጉልበት ከመስጠቱ በፊት ይጠይቃል፦ ይህችን ሴት ፕሬዚዳንት ብሎ የመረጣት ማን ነው? ሊ ምርጫ እንደሚካሄድ ቃል ገብቶ ነገሩን ያበርዳል። ከእንቅልፍ ማጣት ተነስተን በሦስት ክፍል ውስጥ የሥልጣን ሕጋዊነት ጥያቄ ላይ ደረስን፤ አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየወለደ፣ በግድ የተሰካ ነገር ሳይኖር። (ዛሬክን የተጫወተው ሪቻርድ ሃች በ1978ቱ ድራማ ጀግናው አፖሎ የነበረ፣ አዲሱንም ሥራ መጀመሪያ ላይ አጥብቆ የተቃወመ ሰው ነው። የቀድሞው ጀግና መጥቶ የአዲሱን መንግሥት ሕጋዊነት ሲጠይቅ ማየት የራሱ ጣዕም አለው።)

በመዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ቆይቶ ሮዝሊንን ራሷን ያጠምዳታል። የሴቶችን ፅንስ የማቋረጥ መብት ዕድሜዋን ሁሉ የደገፈችው ፖለቲከኛ ሕዝቡ እየተመናመነ መሆኑን ስትረዳ ድርጊቱን ትከለክላለች፤ ተቀናቃኟ ባልታር ይህንኑ ይዞ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደራታል። ድራማው ለአንዱም አይፈርድም። እንዲህ ያለው ክርክር ሮቦት ውሻ ባለበት ድራማ ሊነሳ አይችልም፤ ቢነሳም የሚሰማው አያገኝም።

በኦክቶበር 2006 የጀመረው ሦስተኛው ምዕራፍ ከዚህም ርቆ ሄደ። ሰዎቹ በሰፈሩባት ፕላኔት ላይ ሳይሎኖች የወረራ አገዛዝ አቋቁመዋል፤ የሰው ፖሊስ እየመለመሉ ነው። በተመራቂ ፖሊሶች መካከል ቦምብ ታጥቆ ራሱን የሚያፈነዳው እኛ ስንደግፈው የቆየነው ወገን ነው። የአሜሪካ ጦር ኢራቅ ውስጥ በነበረበት ወቅት የአሜሪካ ቴሌቪዥን ተመልካቹን በአጥፍቶ ጠፊው በኩል አስቀመጠው። በባግዳድ ጎዳና የተቀረጸ ድራማ ይህን ቢሞክር ኖሮ ከጣቢያው በር አያልፍም ነበር። ጠፈሩ ሽፋን ሰጠ፤ ሽፋኑ ግን ብቻውን አይበቃም። ሳይሎኖቹ የካርቱን ጭራቅ፣ ታጋዮቹም የካርቱን ጀግና ቢሆኑ ኖሮ ማንም ራሱን በመስታወት አያይም ነበር። ነፃ ከወጡ በኋላም ሂሳቡ አይዘጋም። ድብቅ ሸንጎ ተሰይሞ ከወራሪ ጋር ተባብረዋል የተባሉትን ወደ ባዶው ጠፈር ይወረውራል፤ ለታጋዮቹ በምስጢር መረጃ ሲያቀብል የነበረው ጌታ የተባለው መኮንንም ለጥቂት ይተርፋል። ሮዝሊን በመጨረሻ አጠቃላይ ምሕረት ታውጃለች። በማርች 2009 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የድራማውን ሠሪዎችና ተዋንያን ኒውዮርክ ጠርቶ ስለ ሰብአዊ መብት፣ ስለ ሽብርና ስለ ዕርቅ አወያይቷቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ብዥታ መጥራት አለበት። ለብዙ ሠሪዎች የአዋቂ ድራማ ማለት እርቃን፣ ስድብና ጨለማ ነው። ባትልስታር ጋላክቲካም ከዚህ ስህተት አላመለጠም። በሁለተኛው ምዕራፍ ያለው «ብላክ ማርኬት» የተሰኘው ክፍል ሴተኛ አዳሪነት አለው፣ ግድያ አለው፣ ጥላ የበዛበት ጓዳ አለው። ሊ ከዚያ በፊት ተነግሮን የማያውቅ የፍቅር ግንኙነት በድንገት ይኖረዋል፤ ሴቲቱም ከዚያ ክፍል በኋላ ደብዛዋ ይጠፋል። ሙር ራሱ ክፍሉን አልወደደውም። ለአዋቂ የተከለለው ነገር ሁሉ አለበት፤ ትዝታ ብቻ የለበትም።

ሳቅም የቁም ነገር ጠላት አይደለም። ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ የአምስት ዓመቱን ታሪክ አስቀድሞ አቅዶ በጻፈው ባቢሎን 5 (1994–1998) ውስጥ ሎንዶ የተባለው አምባሳደር ሲጀምር የቤቱ ሳቅ ነው፤ ሰካራም፣ ቁማርተኛ፣ ጸጉሩ እንደ አውራ ዶሮ ጭራ የቆመ። ይህ ሰው የአገሩን የቀድሞ ክብር ለመመለስ ከማይታወቅ ኃይል ጋር ይዋዋላል። በሁለተኛው ምዕራፍ መርከቦቹ የጎረቤቱን የናርንን ፕላኔት በድንጋይ ናዳ ሲደበድቡ ሎንዶ በመስኮት ቆሞ ያያል። ምንም አይናገርም። ያ ዝምታ የሚከብደው ሃያና ሠላሳ ሳምንት ስላሳቀን ነው፤ ከመጀመሪያው ጨፍጋጋ ቢሆን ኖሮ አንድ ተጨማሪ ክፉ ሰው ብቻ ይሆን ነበር።

ዘ ኤክስፓንስ (2015–2022) የሂሳቡን ሥራ ለፊዚክስ ሰጠው። በመክፈቻው ክፍል አንድ የአስትሮይድ ቀበቶ ተወላጅ በምድር ላይ ተሰቅሎ ይመረመራል። ማሠቃያ መሣሪያ አላስፈለገም፤ በዝቅተኛ ስበት ያደገ አካል የምድርን ስበት አይችልም፤ ክብደቱ ራሱ ያሠቃየዋል። የቅኝ ግዛት ግፍ በአጥንት ላይ ተጻፈ። አየርና ውኃ በገንዘብ በሚለካበት በዚያ ዓለም ዋዛ የሚያበዛ ድራማ የራሱን ሕግ ይጥሳል። በ2022 የጀመረው የቶኒ ጊልሮይ አንዶርም ስታር ዎርስን ከጀዳይ ተዋጊዎቹ ለይቶ ወደ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ስብሰባና ወደ እስር ቤት ፋብሪካ አገባው። የአልደራንን ሐዘን ከ45 ዓመት በኋላ የካሰው ይመስለኛል።

ይህ መለኪያ ወደ ባትልስታር ጋላክቲካ ፍጻሜም ይዞራል። በማርች 2009 በታየው የመጨረሻ ክፍል ከ40 ሺህ ያነሱት ስደተኞች ለኑሮ የምትመች ፕላኔት ያገኛሉ፤ መርከቦቻቸውን ወደ ፀሐይ ልከው፣ ቴክኖሎጂያቸውን ሁሉ ጥለው በየሜዳው ይበተናሉ። ብዙ ተመልካች የተቆጣው በመላእክቱና በመለኮታዊ ዕቅዱ ነበር። እኔ ግን ከዚያ የባሰ ጉድለት አያለሁ። መድኃኒት አይቅርብኝ ያለ ሕመምተኛ፣ ልጄን በዱር አላሳድግም ያለች እናት አንድም አይሰማም። ለዓመታት ስለ ውኃና ስለ ምርጫ ሲጨቃጨቅ የኖረ ሕዝብ በዕድሜው ትልቁን ውሳኔ ያለ አንዳች ክርክር ይወስናል። ዛሬክና ጌታ በዚያን ጊዜ በአመፅ ተከሰው ተረሽነው ነበር። ድራማው በሦስተኛው ክፍል ለአንድ እስረኛ የሰጠውን የመጠየቅ መብት በመጨረሻው ክፍል ለማንም አልሰጠም፤ የወደቀውም እዚያ ነው።