ከምጣዱ ሥር

እንጀራ ማንበብ የምታውቅ እናት ባለችበት ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሕመሙን መደበቅ አይችልም። የእኛ ምጣድ ጨርሶ ከመጥፋቱ ከወራት በፊት እናቴ «ይኼ ነገር ደኅና አይደለም» ማለት ጀምራ ነበር። ወደ ዳሩ፣ የግማሽ ጨረቃ ያህል ቦታ ላይ፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ከዚያው አጠገብ ደግሞ ቶሎ ይደርቅና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። አንድ ዓርብ ጠዋት ሊጡ ኩፍ ብሎ እያለ ምጣዱ ቀዝቅዞ ቀረ።

ጠጋኙ በማግስቱ መጡ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ምጣድ ተጭኖ ሱቃቸው ድረስ እንዲመጣላቸው አይወዱም፤ ሸክላ መንገድ ላይ ከተንገጫገጨ ስንጥቅ ያወጣል ይላሉ። የያዙት ዕቃ አንዲት የትከሻ ቦርሳ አይሞላም፦ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሲባጎ፣ ጫፉ የተሳለ የቀርከሃ ስንጥር፣ በላስቲክ የተቋጠረ ጀሶና አዲስ ጥቅል ሽቦ።

«እትዬ፣ ባንዴ ጠፋ ወይስ እየደከመ?» አሏት።

«እየደከመ ነው እንጂ ወንድሜ። በዚህ በኩል ዓይኑ ከጠፋ ሰነበተ።»

«እንግዲያው ጥፋቱ ከሽቦው ነው» አሉ። እንዲህ ብለውም ግን ስፒናውን ነቅለው ፍተሻውን የጀመሩት ከገመዱ ነው። ቀጥሎ ማብሪያውን፣ ከዚያ ሽቦው ከገመዱ ጋር የሚገናኝበትን ብሎን በቴስተር ነካኩ። መልሱን ቢገምቱም አንዲት ደረጃ አልዘለሉም።

ከዚያ ሸክላውን ከላሜራው አውጥተው፣ ባጠፉት ብርድ ልብስ ላይ በፊቱ ደፉት። በጥፍራቸው ዳሩን ዙሪያውን መታ መታ እያደረጉ አዳመጡ። ጤነኛ ሸክላ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። የእኛው ጮኸ። ሽቦውን የሸፈነውን አሮጌ ጀሶ በስንጥሩ እየፈለፈሉ ሲያነሡ፣ ከመሀል ተነሥቶ እስከ ዳር እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚዞረው ቦይ ብቅ አለ።

ሕመሙም አብሮ ተገለጠ። ከዓመት በፊት ሽቦው ተበጥሶ ሌላ ሰው ጠግኖልን ነበር። ያ ሰው የተበጠሱትን ጫፎች ጎትቶ፣ እርስ በርስ ጠምዝዞ፣ በጀሶ ለስኖ ሄዷል። በተጎተተው በኩል ጥቅሉ ሳስቷል፤ ቦይው ውስጥ ያለው ሽቦ ሲያንስ ሙቀቱም ያንሳል፤ ዓይን የጠፋው እዚያ ላይ ነው። ከአጠገቡ ደግሞ ጥቅሉ ተጨናንቆ እንጀራውን ያደርቃል። የተጠመዘዘው መገናኛ በደንብ ስላልተያያዘ እየጋለ፣ እየዛገ፣ በመጨረሻ ተቃጥሎ ተለያየ። እናቴ በእንጀራው ላይ ያየችው ጨረቃ ከሥሩ እንዳለ ተቀምጦ አገኘነው።

«ይኼን በብየዳ መያዝ አይቻልም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሬዲዮ የሚበየድበት ሊድ እዚህ ውኃ ይሆናል» አሉኝ። እውነት ነው፤ የተለመደው የቆርቆሮና የእርሳስ ሊድ 183 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ የምጣድ ፊት ደግሞ 200 ዲግሪን ይሻገራል፤ ሽቦው ከዚያም እጅግ ይብሳል። ሽቦው ራሱ ይህን የሚችለው ኒክሮም ስለሆነ ነው። አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ በ1906 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው፤ ሲግል ክሮሚየሙ በላዩ ስስ ሽፋን ሠርቶ ከመበላት ይጠብቀዋል።

የተበላሸውን ብቻ ቆርጦ መጣልስ? እሱም አይሆንም። በ220 ቮልት፣ 14 ኦም ያለው ሽቦ ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ኃይሉ ወደ 3,500 ዋት ይጠጋል። ከዚያ ላይ ከአሥር አንድ እጁ ቢቆረጥ ኃይሉ ከ3,800 ዋት ያልፋል። ያጠረው ሽቦ ከቀድሞው የበለጠ እሳት ተሸክሞ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አወጡት።

ልቤን የወሰደው ቀጥሎ ያየሁት ነው። ሲባጎውን ከቦይው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያስገቡ አስተኙት፤ አንሥተው ወለሉ ላይ ሲዘረጉት የሳሎናችንን ርዝመት ሁለት ጊዜ ደረሰ፤ 10 ሜትር ገደማ ነው። ሲባጎውን ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት አጥፈው በየእጥፋቱ ቋጠሩት። ጥቅሉን ሽቦም እንዲሁ ቀለበቶቹን ቆጥረው ለአራት ከፈሉትና በየክፍሉ ቀይ ክር አሰሩበት። ጫፉን ሚስማር ላይ ሰክተው ሳቡ፤ ለቀቁ፤ እንደገና ሳቡ። ጥቅል ሽቦ ሲለቁት ወደ ኋላ ይሰበሰባልና እጃቸው የሚከተለው ስቦ መድረሱን አይደለም፤ ተለቅቆ የሚያርፍበትን ነው። ቀይ ክሮቹ ከሲባጎው ቋጠሮዎች ጋር ሲገጥሙ ቆሙ። የመጨረሻውን ሩብ ብቻ ጥቂት ጠበቅ አድርገው ተዉት፤ «ዳሩ ነፋስ ያገኘዋል፤ ቶሎ ይበርዳል» አሉ።

ሁለቱን ጫፎች እንዳሉ ከብሎን ጋር አላሰሯቸውም። እያንዳንዱን አጥፈው ድርብ አድርገው ገመዱት። ድርብ ሽቦ ጅረቱን ለሁለት ስለሚካፈል አይግልም፤ መገናኛውም አይቃጠልም። ብሎን፣ ሮንዴላ፣ የታጠፈው ሽቦ፣ እንደገና ሮንዴላ፣ ዳዶ። ከዚያ አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን የመሬት ሽቦ ከላሜራው ጋር አጠበቁ። የእናቴ እርጥብ እጅ የሚነካው ያንን ላሜራ ነው።

ጥቅሉን በስንጥሩ ቦይው ውስጥ ሲያስተኙ አንዲት ቀለበት በሌላዋ ላይ አልወጣችም። ጀሶውን ቀጠን አድርገው በጥብጠው አለበሱት፤ በእርጥብ ጨርቅ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያ ሁሉ ልኬት፣ ያ ሁሉ ቀይ ክር፣ ከነጩ ልስን ሥር ገባ። ከዚህ በኋላ እሱን የሚያይ ዓይን የለም። ሙያ በልብ የሚባለው ለእኔ ያን ጊዜ ሥጋ ለበሰ።

«ሦስት ቀን ፀሐይ ይምታው። ውኃ ሳይወጣለት ከተለኮሰ ሸክላውን ያፈነዳዋል» ብለው ሄዱ።

በአራተኛው ቀን ተመልሰው ምጣዱን ገጣጠሙ። ቴስተሩ 14 ኦም አለ፤ ላሜራውንና ጥቅሉንም ለኩ፤ እንደማይገናኙ አረጋገጡ። እናቴ ጎመን ዘር በትና በማሰሻ አሸችው፤ ጭሱ ጓዳውን ሞላ። የመጀመሪያው እንጀራ ለማሟሻ ሄደ። ሁለተኛውን አሰፋች፤ አክንባሎውን ደፋች፤ ስታነሣው ዓይኑ ከመሀል እስከ ዳር ችምችም ብሎ ተነሥቷል።

ዶሮ ወጡ ደርሶ ነበር፤ «አረፍ ይበሉ» አለቻቸው። እሳቸው ግን መጀመሪያ እንጀራውን ከሰፌዱ አንሥተው ወደ በሩ ብርሃን ያዙት። ጨረቃው ከነበረበት በኩል ቁራሽ፣ ከመሀሉ ቁራሽ አነሡ፤ ሁለቱን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ አስተያዩ። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ።