የኩስኮን ግንብ በመጋጠሚያው ፍረዱ

በፔሩ ኩስኮ ካቴድራል ፊት ቆሞ «ኢንካዎች ምን ዓይነት ግንበኞች ነበሩ!» የሚል ጎብኚ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ብዙው ድንጋይ ከኢንካው ምሽግ ከሳክሳይዋማን ተነቅሎ የመጣ የኢንካ ድንጋይ ነው፤ ግንቡ ግን የስፔኖች ነው። ይህን ሳይለይ የሚያደንቅ ሰው ሁለቱንም ሥራ አላየም።

ከተማዋ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ቀስ ብላችሁ ውጡ። የሳን ብላስ ቤተ ክርስቲያንን የተቀረጸ የሰባኪ መድረክና በካቴድራሉ ያለውን የማርኮስ ሳፓታን የመጨረሻ እራት ሥዕል ማንም አስጎብኚ ያሳያችኋል፤ እኔ አልደግመውም።

እኔ የምጨነቀው ስለ መጋጠሚያው ነው። የኢንካ ጠራቢ ብረት አልነበረውም፤ ጠንካራ ድንጋይ በእጁ ይዞ ነበር ሌላውን ድንጋይ እየቀጠቀጠ የሚያስተካክለው። እያንዳንዱን ድንጋይ ከሥሩ ላለው ድንጋይ ብቻ ብሎ ሠራው፤ ጠርዙን ትንሽ ገፎ መስመሩ ጥላ ውስጥ እንዲገባ አደረገ፤ ግንቡንም ወደ ውስጥ ዘንበል አድርጎ አቆመ። ስፔኖች አፍርሰው እንደገና ሲገነቡ ድንጋዩ የተጠረበለትን ቦታ አጣ። በመሐል ክፍተት መጣ፤ ክፍተቱንም ኖራ ሞላው። ስለዚህ ሕጌ ይህ ነው፤ በጥርብ ድንጋይ መጋጠሚያ ውስጥ ኖራ ካያችሁ የኢንካ ግንብ አትበሉት። ግድግዳው እንደ ቱምቢ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደግሞ ጥርጣሬያችሁ እጥፍ ይሁን።

ወረቀት ወይም ቢላ በመጋጠሚያው ለማስገባት የሚደረገውን ትርኢት ተዉት። እሱ የሚፈትነው ፊቱን ብቻ ነው። የጎን መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ከፊት ለፊት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከኋላው መሙያ ይገባበታል። ክብደት የሚሸከመው አግድሙ መጋጠሚያ ግን እስከ ውስጥ ድረስ የተስማማ ነው፤ የጠራቢው ድካም ያለው እዚያ ነው። በሃቱን ሩሚዮክ መንገድ ባለ 12 ማዕዘኑን ድንጋይ ከበው ማዕዘን የሚቆጥሩ ሰዎች፣ ድንጋዩ ከታች እንዴት እንደተቀመጠ አንድም ጊዜ ጎንበስ ብለው አያዩም።

ኩስኮ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ግንበኛ አውቅ ነበር። ግንብ ሲመረምር ፊት ለፊት አይቆምም፤ ጉንጩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ በጎን ያያል፤ ያውም ጠዋት፣ ብርሃኑ ተኝቶ ሲመጣ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ጉድለት ጥላ ያወጣል። እኔን ድንጋይ ያስተማሩኝ ጎንደሬ መምህሬም እንዲሁ ያዩ ነበር። እሳቸው ኖራ አይንቁም፤ የፋሲል ግንብ በኖራ የቆመ ነውና። የሚቆጡት ተማሪ በችኮላ የጠረበውን ድንጋይ በኖራ ሊሸፍን ሲሞክር ነበር። ያን ጊዜ ምንም ሳይናገሩ ድንጋዩን አንስተው መሬት ላይ ያስቀምጡታል፤ ተማሪው እንደገና ይጀምራል። ስፔኖቹን በዚህ መለኪያ አልነቅፋቸውም፤ በተሰበሰበ ድንጋይ የቻሉትን ሠርተዋል። የምነቅፈው ያን ሥራ በኢንካ ስም የሚያሞግሰውን ነው።

ዓይናችሁን የምታሠለጥኑበት ቦታ ሳንቶ ዶሚንጎ ነው። ከታች የኮሪካንቻ፣ የፀሐይ መቅደሱ፣ ክብ ግንብ አለ፤ በላዩ ቤተ ክርስቲያኑ። እ.ኤ.አ. በ1650 እና በ1950 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታቸው ላይኛው ተጎዳ፤ ታችኛው ቆመ። ከዚያ ወደ ሎሬቶ መንገድ ሂዱ፤ ግራና ቀኙ ኖራ የሌለው ግንብ ነው። ዓይናችሁን ከታች ወደ ላይ አንሡ፤ የኢንካው ሥራ የት ላይ አልቆ የስፔኑ እንደሚጀምር መስመሩ ይታያችኋል።

የከፍታ እይታ ከፈለጋችሁ ሳን ክሪስቶባል ቤተ ክርስቲያን ፊት ያለው አደባባይ ይበቃል። ቀይ ጣሪያ ለማንሣት ብቻ ግን አትውጡ። የላ ኮምፓኒያ ቤተ ክርስቲያን በኢንካ ቤተ መንግሥት፣ ሳንቶ ዶሚንጎ በመቅደስ ላይ እንደተቀመጡ ከዚያ ሆናችሁ ተከታተሉ።

ግንቡን ግን በእጅ አትንኩት፤ የደረሰበት ጉዳት ይበቃዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው ባለ 12 ማዕዘኑን ድንጋይ በብረት መትቶ በበርካታ ቦታ ላይ ሸርፎታል።