«ይጠበቅ» እና «ይጥበቅ»፦ ስለ አንድ የጥንቃቄ መመሪያ ትርጉም

የዛፍ መቍረጫና መግረዣ መሣሪያዎች በትራክተር ላይ ተጭነው ሲጓጓዙ ስለሚደረገው ጥንቃቄ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ አንድ የመመሪያ ረቂቅ ተመልክተናል። ተርጓሚው «የሞተር መጋዝ» የሚለውን የሠራተኛውን ቃል መያዙ፣ አዲስ ስያሜ ለመፍጠርም አለመድከሙ ያስመሰግነዋል።

የምንነቅፈው ዋናውን ትእዛዝ ነው። ረቂቁ «መጋዙ በጕዞ ጊዜ በሚገባ ይጠበቅ» ይላል። ይህን ያነበበ ሠራተኛ መጋዙ እንዳይሰረቅ ዘብ ይቆማል እንጂ አያስረውም። የእንግሊዝኛው ግሥ ከአደጋ መጠበቅንም አጥብቆ ማሰርንም ስለሚያመለክት፣ ተርጓሚው በመጀመሪያው ፍች ላይ ቀርቷል። የተፈለገው ግን «ይታሰር፤ ማሰሪያውም ይጥበቅ» ነው። ሁለቱም ቃላት የወጡት በኀላፊ ጊዜ «ጠበቀ» ከሚባሉ ሁለት ግሦች ነው፤ እዚህ የሚለያቸው የአንዲት ፊደል ግእዝና ሳድስ ብቻ ነው። ወጣ ገባ በሆነ መንገድ ላይ ግን ይህች ልዩነት መጋዙ በሰው እግር ላይ መውደቅ አለመውደቁን ትወስናለች።

ሁለተኛው «የሰንሰለት መሸፈኛ» የተባለው ነው። ሸራም ላስቲክም መሸፈኛ ነው። የመጋዙ ጥርስ ግን ሞተሩ ጠፍቶም ይቈርጣልና ስለቱን የሚውጥ ጠንካራ ቤት ያሻዋል። ለጐራዴና ለቢላዋ «አፎት» የሚል ቃል ሳለን ስለምን እንቸገራለን? «የመጋዝ አፎት» ቢባል የዕቃው ቅርጽም አገልግሎትም ከስሙ ይታወቃል።

የጥንቃቄ መመሪያ ቃል የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ብቻ አይደለም፤ አንባቢው እጁን ወዴት እንደሚሰድ በማየትም ጭምር ነው። ስለዚህ ረቂቁ ከመታተሙ በፊት ለትራክተር ነጂዎች ተነቦ እንዲፈተን እናሳስባለን።