ስለ «ፐርፕል»፣ ወይስ ስለ እራፊ?

ከእንግሊዝኛ ከተዋስናቸው የሂስ ቃላት መካከል እንደ «ፐርፕል» የተንገላታ ያለ አይመስለንም። የድርሰት ወረቀታችን ሲመለስ ከጠርዙ ላይ «ፐርፕል» የምትል ቃል ትጻፍበታለች። ባለወረቀቱም ቋንቋው እንደ በዛበት ይገባውና ቅጽሉን አንድ በአንድ እየነቀለ ይጥላል። ይህ ባልከፋ። የከፋው ቃሉን ወደ አማርኛ ያሻገርነው ዕለት ነው። በየውይይቱ «ሐምራዊ ድርሰት»፣ «ሐምራዊ አጻጻፍ» ሲባል እንሰማለን። እንዴ! ሐምራዊ ድርሰት ምን ማለት ነው? አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ በአእምሮው የሚመጣለት ነገር አለ? የለም። እንግሊዝኛውን የሚያውቅ ብቻ ነው በሆዱ መልሶ ተርጉሞ የሚስቀው።

ለመሆኑ ቀለሙስ ቢሆን የትኛው ነው? መዝገበ ቃላቱ «ሐምራዊ» ይለናል፤ ገበያ ወርደን ጨርቅ ብንጠይቅ «ወይን ጠጅ» ነው የሚሉን። እንግሊዞቹም ዛሬ በቀይና በሰማያዊ መካከል ላለው ቀለም ይስጡት እንጂ ጥንት እንዲህ የተወሰነ አልነበረም። በሼክስፒር «ሮሜዎና ዡልየት» መጀመሪያ ላይ መስፍኑ በአደባባይ የተፋለሙትን ሲቆጣ፣ ከደም ሥራቸው የሚፈሰውን ፐርፕል ይለዋል። በ«ጁሊየስ ቄሣር»ም አንቶኒ ገዳዮቹን ፊት ለፊት ሲያናግር እጃቸው ፐርፕል ነው። ይህን «ሐምራዊ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ነፍሰ ገዳዮቹን ፈትል ሲያቀልሙ የዋሉ ያስመስላቸዋል። እዚያ ቦታ ቃሉ ደም ነው፣ በቃ።

የእኛ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች በዚህ ረገድ ከብዙዎቻችን ይሻላሉ። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የአማርኛ ትርጉም፣ በኦሪት ዘጸአት ለድንኳኑ የሚቀርበው ግምጃ ሐምራዊ ነው፤ የሐዋርያት ሥራ ላይ ስንደርስ ግን ልድያ ቀይ ሐር ሻጭ ናት። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ በሁለቱም ቦታ ፐርፕል ይላል። ይህ መዘባረቅ ነው የሚል ካለ እንከራከረዋለን። የጥንቱ ቀለም ራሱ ወደ ቀይ የሚያደላ ነበርና። በጢሮስና በሲዶና ከባሕር ቀንድ አውጣ የሚወጣ ቀለም ነው፤ ሮማዊው ፕሊኒ ምርጡን ከረጋ ደም ጋር ያመሳስለዋል። ውድነቱን ለመገመት አንድ ነገር ይበቃል፤ በ1909 እ.ኤ.አ. ፍሪድሌንደር የተባለው ኬሚስት ከ12,000 ቀንድ አውጣ ያገኘው ቀለም 1.4 ግራም ብቻ ነበር። ስለዚህ ለጥንት ሰው ቃሉ የቀለም ስም ብቻ ሳይሆን የገንዘብና የሹመትም ስም ነበረ። በ1856 እ.ኤ.አ. የ18 ዓመቱ ፐርኪን ለወባ የሚሆን ኪኒን ሊሠራ ሲሞክር ድንገት ሰው ሠራሹን ሞቭ አገኘና ያ ሁሉ ክብር በርካሽ ይሸጥ ጀመር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ቃሉን ወደ ሂስ ያስገባው ሮማዊው ገጣሚ ሆራስ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ስለ ግጥም ጥበብ በጻፈው ደብዳቤ። ብዙዎቻችን ሆራስ ጌጥን የነቀፈ ይመስለናል። ደብዳቤውን ለሚያነብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ታላቅ ነገር እነግራለሁ ብሎ የተነሣ ገጣሚ ከሩቅ እንዲያብረቀርቅ ብሎ አንድ ሁለት ፐርፕል ጨርቅ ይሰፋበታል ይላል፤ የዲያናን መሠዊያ፣ የራይንን ወንዝ፣ ቀስተ ደመናን። ነቀፌታው ታዲያ ምኑ ላይ ነው? ቦታቸው እዚያ አለመሆኑ ላይ ነው። ቀጥሎም አሳምሮ ጥድ መሳል የሚችለውን ሠዓሊ ያነሣል፤ ደንበኛው ከፍሎ የሚጠብቀው ግን መርከቡ ተሰብሮ ከባሕር የሚታገል ሰው ነው። ጥዱ እዚያ ምን ይሠራል? እንግዲህ ጥፋቱ ያለው በጨርቁ ሳይሆን በልብሱና በጨርቁ አለመጋባት ነው። እንግሊዞች ከሁለቱ ቃላት ቀለሙን ይዘው ጨርቁን ጣሉት፤ እኛም ከነሱ ቀለሙን ብቻ ተቀበልን።

የሚገርመው፣ ጨርቁ ሳይጣል በቀረበት ቦታ ቃሉ ምስጋና ሆኗል። በብሪታንያ አንድ ኳስ ተጫዋች በየጨዋታው ሲቀናው «ፐርፕል እራፊ ላይ ነው» ይሉታል።

አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አጥቶ አይደለም። በንግግራችን መጻፍን «መጣፍ»፣ መጽሐፍን «መጣፍ» እንላለን። የተቀደደ ልብስ ላይ እራፊ ማድረግም መጣፍ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን እንፈልጋለን? አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይጥፋል። ነጠላ ላይ ያለው ጥለት ደግሞ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው፤ ቢያብረቀርቅም እራፊ የሚለው የለም። ይህን ልዩነት ስለማንይዝ ነው «ፐርፕል»ን በያዝን ቁጥር ቅኔ ቀመስ የሆነውን አማርኛ ሁሉ የምንገርፈው። በሰምና ወርቅ ያደገን ቋንቋ አጭርና ደረቅ ካልሆነ አይሆንም ማለት ሂስ አይባልም፤ የሌላ አገር ልማድ መጫን ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ እራፊውን የሚያመልኩ ጓደኞች አሉን። እናት እህል ልትሸምት ተሰልፋለች፤ ወረፋው ሊያልቅ ነው፤ ይደርሳታል ወይስ አይደርሳትም እያልን ትንፋሻችንን ይዘናል። ደራሲያችን እዚህ ላይ ግማሽ ገጽ ሙሉ ጀምበር ያጠልቃል! አድማሱ ይደማል፣ ደመናው ይነዳል። ጀምበሯ ቆንጆ ናት፣ አንክድም። ሴትዮዋስ? እንዲህ ያለውን ስናገኝ ጠርዙ ላይ «ፐርፕል» ብለን ከምንሸሽ «ይህ ጨርቅ ከየት መጣ?» ብለን ብንጽፍ ደራሲው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ቅጽል ከመንቀል ይልቅ ጀምበሯን ወደ ቦታዋ ይመልሳታል፣ ወይም ለሌላ ድርሰት ያስቀምጣታል።

ቀለሙን በስሙ ለሚፈራ አንድ መጽሐፍ እናስታውሰው። አሊስ ዎከር በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣችውና በ1983 ፑሊትዘር የተሸለመው ልቦለድ ፐርፕልን በርዕሱ ይዟል። ሲሊ የምትባል ድሃ ጥቁር ሴት በምትናገርበት አፍ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ናቸው የሚበዙት። ያጌጠ ዓረፍተ ነገር ፈልጎ የሚገባ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። ፐርፕሉ ያለው ሜዳ ላይ፣ ሰው ሳያየው በሚያልፈው አበባ ላይ ነው፤ የቄሣር ካባም አይደለም፣ የሆራስ ጨርቅም አይደለም። ርዕሱን «ሐምራዊው ቀለም» ብሎ መተርጎም እዚህ ላይ ያስኬዳል እንላለን። «ወይን ጠጅ» የሚል ካለም በሚቀጥለው እትም ይሞግተን።