የካተሪን «ናካዝ» እና ከውስጡ የተቆረጠው

ስለ ዘመነ አብርሆት ፈላስፎች የሚጻፉ ድርሰቶች አንድ የተለመደ ፈሊጥ አላቸው፤ ሞንቴስኪዩ፣ ቮልቴርና ዲደሮ ጻፉ፣ ነገሥታትም አንብበው አስተዳደራቸውን አሻሻሉ ይላሉ። ለዚህም ዋና ምስክር ሆና የምትጠራው የሩሲያዋ ዳግማዊት ካተሪን ናት። እኛ ግን ምስክርነቱን ከመቀበላችን በፊት የራሷን መጽሐፍ መመርመር ይገባል እንላለን።

መጽሐፉ በ1767 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የወጣው «ናካዝ» ነው፤ አዲስ ሕግ እንዲያረቅ ለተጠራው ጉባኤ የተሰጠ መመሪያ ማለት ነው። ከአምስት መቶ ከሚበልጡት አንቀጾች አብዛኞቹ ከሞንቴስኪዩ «የሕግጋት መንፈስ» እና ጣሊያናዊው ቤካሪያ ስለ ወንጀልና ቅጣት ከጻፈው መጽሐፍ የተቀዱ ናቸው። መቅዳቷን እርሷም አልሸሸገችም፤ ነቀፌታችንም በመቅዳቷ ሳይሆን በአቀዳዷ ላይ ነው። ሞንቴስኪዩ ሰፊ ግዛት ለአንድ ሰው ፍጹማዊ አገዛዝ ያጋልጣል ሲል አገዛዙን ማወደሱ አልነበረም፤ በፍርሃት የሚንቀሳቀስ መንግሥት ብሎ ፈርጆታልና። ካተሪን ይህንኑ ሐሳብ ወስዳ፣ ግዛታችን ሰፊ ስለ ሆነ ሥልጣን ሁሉ በአንድ እጅ መጠቃለል አለበት ወደሚል ድጋፍ ለወጠችው። የከሳሽ ቃል የጠበቃ ቃል ሆነ። ቃላቱ ብዙም ሳይነኩ ትርጉሙን መገልበጥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀላል የብዕር ችሎታ አይደለም።

በፍርድ ነገር መጽሐፉ ምስጋና ይገባዋል። ሰውን አሠቃይቶ ማናዘዝን አጥብቆ ይቃወማል፤ በፈረንሳይም እስከ መታገድ ደርሷል። ስለ ገባሮች የሚናገረው ክፍል ግን ረቂቁን ባዩት መኳንንት ምክር ተቆራርጧል። የቀረው፣ ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ነፃ ማውጣት አይገባም የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ የወጣው ትእዛዝ ደግሞ ገባር በጌታው ላይ ለንግሥቲቱ አቤት እንዳይል ከለከለ። በጉባኤውም የባላባት ገባር ወኪል አልነበረውም። ጉባኤው ራሱ በ1768 መጨረሻ፣ የቱርክ ጦርነት ተነሣ ተብሎ፣ አንድም የሕግ መጽሐፍ ሳያወጣ ተበተነ።

ይህን ሁሉ ዲደሮ አልሳተውም። ካተሪን በ1765 መጻሕፍቱን ገዝታ፣ ጠባቂያቸው እርሱው እንዲሆን ደመወዝ ቆርጣለት ነበር። በ1773 ፒተርስበርግ ድረስ ሄዶ፣ የፑጋቾቭ ዐመፅ በምሥራቅ በሚነድበት ወራት፣ ከእርሷ ጋር ሰፊ ጭውውት አደረገ። ሲመለስ በ«ናካዝ» ላይ በጻፈው ሂስ የእውነተኛ ሥልጣን ባለቤት ሕዝብ ነው ብሎ ጀመረ። ጽሑፉ ካተሪን እጅ የገባው ግን ደራሲው በ1784 ከሞተ በኋላ ነው፤ አንብባም ተቆጣች። ደመወዝ የሚቆረጥለት ሐያሲ ብዕሩን ማዘግየቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የፈላስፎቹን ተፅዕኖ በቤተ መንግሥት ጥቅሶች ብዛት የሚለካ ሐያሲ የተሳሳተ ቦታ ይፈልጋል። ፍለጋው ወደ አሌክሳንደር ራዲሽቼቭ ይሂድ። በ1790 ባሳተመው «ከፒተርስበርግ ወደ ሞስኮ ጉዞ»፣ ከ«ናካዝ» የተቆረጠውን የገባሮች ኑሮ ከመንደር መንደር እየተዘዋወረ ያሳያል። ካተሪን መጽሐፉን በእጇ እያሰመረች አነበበችውና ደራሲው ከፑጋቾቭ የባሰ ዐመፀኛ ነው አለች። ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱም በሳይቤሪያ የ10 ዓመት ግዞት ተለወጠለት። ይህ ሰው በ1766 ሕግ እንዲማሩ ካተሪን ራሷ ወደ ላይፕዚግ ከላከቻቸው ወጣቶች አንዱ ነበር።