ቡስተሩ ይቅር፣ ሞደሙ ጣሪያ ላይ ይውጣ

ወደዚህ ሙያ አዲስ የሚገባ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው አይለወጥም፦ «ጥሩው ቡስተር የትኛው ነው?» ደንበኛው «ቤቴ ኔትወርክ አይገባም» ብሏል፣ ሱቁ ደግሞ አንድ ሳጥን፣ ሁለት አንቴናና አንድ ጥቅል ገመድ የያዘ ካርቶን ደርድሯል፤ ስለዚህ የቀረው መምረጥ ብቻ ይመስላል። እኔ ግን ጥያቄው ከመነሻው የተጣመመ ነው ባይ ነኝ። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የሚጠፋው ከጥቂት ቦታዎች በቀር ሲግናሉ ከአካባቢው ስለጠፋ አይደለም፤ ተቀባዩ ሬዲዮ ሲግናሉ በማይደርስበት ስለተቀመጠ ነው። ከግድግዳው ማዶ፣ በረንዳው ላይ፣ ከቆርቆሮው በላይ ሲግናሉ አለ። ሥራችንም ማጉላት ሳይሆን ሬዲዮውን ወዳለበት መውሰድ፣ የቀረውን መንገድ ለዋይፋይ መተው ነው። ባልደረቦቼ ይህን ግትርነት ይሉታል። ይበሉት።

ከግድግዳው እንነሳ። ባዶ አየር ላይ ከታወሩ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚጠፋው 6 ዴሲቤል ነው። ፌሮ የተጠላለፈበት የአርማታ ግድግዳ እንደ ውፍረቱና እንደ ሞገዱ ከ10 እስከ 20 ዴሲቤል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይበላል። 18 ዴሲቤል የሚበላውን ብንወስድ ርቀቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ በእጥፍ እንደማሳደግ ነው፤ ከታወሩ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሳሎን ለስልኩ 8 ኪሎ ሜትር የራቀ ሜዳ ይሆንበታል። ከተማ ውስጥ ሞገድ እንደ ባዶ አየር ስለማይጓዝ ስምንቱ ወደ ሦስት ግድም ይወርዳል፣ ቢሆንም አንድ ግድግዳ ብቻውን ሠፈር ያስቀይራል። ደንበኛው ጣቱን ወደ ታወሩ እየቀሰረ ሲወቅስ ጥፋተኛው ከጀርባው ቆሟል። ተራ መስታወት የሚወስደው ጥቂት ዴሲቤል ነው፤ ፀሐይ እንዳያስገባ ስስ የብረት ሽፋን የተለበጠው መስታወት ግን ከ20 ዴሲቤል በላይ ይወስዳል። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ቪላ ከጎኑ ካለው የጭቃ ቤት የባሰ ኔትወርክ ሲያጣ ሰው ይገረማል። ደረቅ ጭቃና እንጨት ከፌሮ ጋር ሲተያይ ለሞገድ ገር ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ከላይ ቢዘጋም ሲግናል በአብዛኛው የሚመጣው ከጎን ስለሆነ ጉዳቱ የሚባለውን ያህል አይደለም። ግድግዳውም ቆርቆሮ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው፤ ያኔ የሚቀሩት በርና መስኮት ብቻ ናቸው። እግረ መንገዴን፣ «ዝቅተኛው ባንድ ሁሌም ይሻላል» የሚለው የሙያችን ተረትም መስኮት ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ 33 ሴንቲ ሜትር፣ የ2600 ደግሞ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው። የመስኮቱ ፍርግርግ ቀዳዳ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለረጅሙ ጠባብ ነው፣ አጭሩ ግን ብዙም ሳይነካው ያልፋል።

በስልኩ ጥግ ላይ ያሉትን ባሮች አይቶ መፍረድም አንድ ሌላ በሽታችን ነው። ስንት ዲቢኤም ስንት ባር ይሁን የሚል የጋራ ደንብ የለም፤ እያንዳንዱ አምራች እንደፈቀደ ይሥላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ክረምት የአይፎን 4 ተጠቃሚዎች ስልኩን ሲጨብጡት ባሩ እየወረደ አስቸግሯቸው ሲጮሁ፣ አፕል ራሱ ባሩን የሚያሰላበት ቀመር የተሳሳተ እንደነበርና በብዙ ሁኔታ ሁለት ባር አብዝቶ ያሳይ እንደነበር በይፋ አምኗል። ስለዚህ ቁጥሩን ማየት ነው፦ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ *#*#4636#*#*፣ አይፎን ላይ *3001#12345#* ይከፍተዋል። በ4ጂ ከኔጌቲቭ 85 ዲቢኤም ወደ ዜሮ የቀረበ ምቹ ነው፣ ኔጌቲቭ 110 አካባቢ ያስቸግራል፣ ኔጌቲቭ 120 ላይ ያበቃል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ባሩ ስልኩ የሚሰማውን እንጂ ታወሩ ስልኩን መስማቱን አለማሳየቱ ነው። ጣቢያው በሃያና በአርባ ዋት ሲናገር የ4ጂ ስልክ ከ200 ሚሊዋት በላይ አይናገርም። ጣቢያው የተሻለ ጆሮ ስላለው ልዩነቱ ይካካሳል፣ ዳር ላይ ግን መጀመሪያ የሚሞተው የስልኩ ድምፅ ነው። አንተ የሰውየውን ድምፅ ጥርት አድርገህ እየሰማህ እሱ «ይቆራረጣል» የሚልህ፣ ለቴሌብር *127# ደውለህ ምናሌው ሳይመጣ የሚዘጋብህ፣ ባሩ ሦስት ሆኖ መልእክትህ የማይሄደው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቡስተሩ በዚህ መሐል ምን ይሠራል? ሳሎን ውስጥ ባሩን ይሞላል፤ ለመሸጥም የሚመቸው ለዚህ ነው። ማጉያ ግን የሚያጎላውን አይመርጥም። ጣሪያ ላይ ያለው አንቴና ሲግናሉን ከነጫጫታው ይቀበላል፣ ሳጥኑ ሁለቱንም ያሳድጋል፣ የራሱንም ጫጫታ ይጨምርበታል፤ የደፈረሰ ውሃ በትልቅ ባልዲ እንደመቅዳት ነው። ስለዚህ ጥንካሬው 20 ዴሲቤል ሲያድግ ጥራቱ ባለበት ይቆማል ወይም ይወርዳል፣ የኢንተርኔቱን ፍጥነት የሚወስነው ደግሞ ጥራቱ ነው። በዚያ ላይ የውጩና የውስጡ አንቴና እርስ በርስ እንዳይሰሙ በመካከላቸው ያለው መከለያ ከማጉያው አቅም በ15 ዴሲቤል ያህል መብለጥ አለበት። 60 ዴሲቤል የሚያጎላ ሳጥን 75 ዴሲቤል መከለያ ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ ፎቅ ባለው የብሎኬት ቤት፣ አንቴናዎቹ በአራትና አምስት ሜትር ተራርቀው፣ ይህ ከየት ይመጣል? ካልመጣ መሣሪያው የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ይጮሃል፣ ጩኸቱም ወደ ታወሩ ሄዶ የሠፈሩን ሰው ሁሉ መስመር ያውካል። ባለ ቡስተሩ ቤት ባሩ ሙሉ ነው፤ የተጎዳው ጎረቤት ደግሞ ማንን እንደሚከስ አያውቅም።

ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ቡስተር ለብቻው አንድ ቃል ይገባዋል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያለው ወገናችን በምድር ቤት አፓርታማው የሠራለትን ሳጥን ለእናቱም ይልካል፣ ፍቅሩ አይነቀፍም። ግን እዚያ የሚሠራው በ700፣ በ850፣ በ1900 ነው፤ እዚህ የቆየው 2ጂ ደግሞ በ900ና በ1800። አለመሥራቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በአሜሪካው 1900 ባንድ ስልክ ወደ ታወር የሚናገርበት ከ1850 እስከ 1910 ሜጋኸርዝ ያለው ቦታ፣ በ1800 ባንድ ታወር ወደ ስልክ ከሚናገርበት ከ1805 እስከ 1880 ካለው ጋር ይደራረባል። ሳጥኑ ቤት ውስጥ ሾልኮ የገባውን የታወሩን ድምፅ የስልክ ድምፅ መስሎት አጉልቶ ወደ ውጭ ይረጨዋል ማለት ነው። አሜሪካ ራሷ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽኗ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ደንብ መሣሪያው መጮህ ሲጀምር ራሱን እንዲያጠፋና ባለቤቱም በኦፕሬተሩ ዘንድ እንዲያስመዘግበው አስገድዳለች። እኛም ዘንድ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቆጣጣሪ ነው፤ ለኦፕሬተር በተፈቀደ ሞገድ ላይ ኦፕሬተሩ ሳያውቅ ማሠራጨት የግል ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደምጋልበው ፈረስ ልምጣ። «እሺ ቡስተር ይቅር፣ የውጭ አንቴና ጣሪያ ላይ ሰቅዬ ገመዱን ሳሎን ካለው ሞደም ጋር ላያይዘው» የሚል ጥሩ ባለሙያ አለ። መንገዱ ትክክል ነው፣ ግማሽ ላይ ግን ይቆማል። ቀጭኑና ርካሹ ጥቁር የአንቴና ገመድ በ1800 ሜጋኸርዝ በሜትር ከሦስት ሩብ ዴሲቤል በላይ ይበላል። ከጣሪያ እስከ ሳሎን 20 ሜትር ቢሆን 15 ዴሲቤል አካባቢ መንገድ ላይ ይቀራል፤ 10 ዴሲቤል የሚያተርፍ አንቴና ገዝቶ በ5 ዴሲቤል ኪሳራ መግባት ነው። ግድግዳውን አለፍነው ስንል ግድግዳውን በገመድ መልክ ቤት አስገባነው። 4ጂ ሁለት አንቴና ስለሚፈልግ ሁለት ገመድ ይጎተታል፤ ብዙው ሰው አንዱን ብቻ ያገናኝና ሁለተኛው ቀዳዳ ባዶውን ይቀራል፣ ፍጥነቱም እንደዚያው። መፍትሔው ሞደሙ ራሱ፣ ዝናብና ፀሐይ በሚችል ሳጥን ሆኖ፣ ከአንቴናው ጋር አንድ ላይ ጣሪያ ላይ መውጣቱ ነው። ወደ ቤት የሚወርደው የኔትወርክ ገመድ ብቻ ነው፤ ያ ገመድ መረጃውንም የሞደሙን ኤሌክትሪክም ይሸከማል፣ እስከ 100 ሜትር ድረስም ከሲግናሉ አንዲት ዴሲቤል አያስቀንስም። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፣ ኦፕሬተሮቹ ራሳቸው ሲሠሩት ዓይናችን እያየ ነው። ድሮ የጣቢያው ሬዲዮ ታች ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ወፍራም ገመድ ታወሩን ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ሬዲዮዎቹ ከአንቴናዎቹ ጎን ተሰቅለው የሚወጣላቸው ቀጭን ፋይበርና የኤሌክትሪክ ገመድ ሆኗል። ያን ሁሉ ክብደት ወደ ላይ የጫኑት ገመድ የሚበላውን ስለሚያውቁ ነው። ለታወር የሠራ ለቤት የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ተቃውሞ አለ፣ ደካማም አይደለም። መጀመሪያው የዋጋው ነው፦ የውጭ ሞደም ውድ ነው። ነው፤ ግን የአሳቡ ግማሽ በነፃ ይገኛል። የያዙትን ተራ ሞደም ከቴሌቪዥኑ ኋላ አንስቶ ከታወሩ ጋር በሚተያይ መስኮት ላይ ማስቀመጥ በብዙ ቤት ካርቶን ሙሉ ቡስተር የማይሰጠውን ይሰጣል። ሌላ ኦፕሬተር ከገባ ወዲህ ደግሞ የሁለቱን ሲም በዚያው መስኮት እያፈራረቁ ቁጥሩን ማየት ይቻላል፤ የአንዱ ታወር በግራ የሌላው በቀኝ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የመብራት ነው፦ ሲጠፋ ሞደሙም ዋይፋዩም ይሞታሉ። ቡስተሩም ይሞታል፣ ያውም አብሮት ሙሉ የነበረው ባር ይጠፋል፤ ሞደም ግን አብዛኛው በ12 ቮልት ስለሚሠራ በትንሽ ባትሪ ሰዓታት ይቆያል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ዋይፋይ በቁልፍ ስልክ የሚደረግን ጥሪ አያሻግርም፣ *127#ንም አያሻግርም፣ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር የያዘውን አጭር መልእክትም በአብዛኛው እንደዚሁ። እዚህ ላይ ግማሽ ድርሻ እሰጣለሁ፦ ስልኩን መስኮት ላይ ትቶ በብሉቱዝ ማዳመጫ ማውራት ይቻላል፣ ቴሌብርም በመተግበሪያው በዋይፋይ ይሠራል፤ ለአዛውንት ግን ይህን ማስረዳት ከመሣሪያው ይከብዳል። እንዲያም ሆኖ ያልተሟላ መፍትሔ መኖሩ የሚያውክ መሣሪያ መትከልን ትክክል አያደርገውም።

«ይህ ሁሉ የኦፕሬተሩ ሥራ አይደለም ወይ?» የሚለውም አለ። ከፊሉ ነው። ነገር ግን «ሽፋን» የሚባለው ቁጥር ምን እንደሚቆጥር ማወቅ ይበጃል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አቆጣጠር የሚያየው ሕዝቡ ከሲግናል ክልል ውስጥ መኖሩን ነው፣ ደንበኛ ይሁን አይሁን። ጓዳህ ውስጥ ስልክህ ይሠራል የሚል ቃል በውስጡ የለም። ቤቱን በአርማታ የሠራው፣ መስታወቱን በብረት የለበጠው ባለቤቱ ነው፤ ታወሩ ሲተከል ቤቱ አልነበረም ይሆናል። በ3ጂ ላይ ደግሞ ተጠቃሚው ሲበዛ የታወሩ ክልል ራሱ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ጠዋት የሚሠራ ማታ መጥፋቱ የተበላሸ ነገር ስላለ ላይሆን ይችላል።

በዚህ ሥራ ስቆይ ያተረፍኩት ትልቁ ነገር የመሣሪያ እውቀት አይመስለኝም፤ ቤት ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ መለወጡ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ የተሻለው ሲግናል ያለው በእንግዳ ሳሎን ነው፣ ትልቁ መስኮት እዚያ ስላለ፤ ያ ክፍል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰው አይገባበትም። ከጅዳ የልጃቸውን የኢሞ ጥሪ የሚጠብቁት እናት ጓዳ ናቸው። ሰርቪስ ቤት የሚኖረው ተከራይ ከዋናው ቤት አርማታ ጀርባ፣ ሲግናል በማይዞርበት ጥላ ውስጥ ነው፤ ለመደወል አጥር ጥግ ሄዶ ይቆማል። ጣሪያ ላይ የወጣ ሞደምና የኋላው ግቢ ድረስ የደረሰ ዋይፋይ የሚያገኘው መጀመሪያ እነዚህን ሰዎች ነው፣ የሳሎን ቡስተር ደግሞ ባለ ሳሎኑን። ከቡስተር ጋር ያለኝ ጠብ የዴሲቤል ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው፣ ምናልባትም ከሚገባው በላይ የከረረው።

ቡስተር ቦታ የለውም አልልም። መሬት ውስጥ የተሠራ ክሊኒክ ወይም የሱቆች ፎቅ፣ ሁሉም የየራሱን ስልክ ይዞ የሚገባበት፣ በዋይፋይ አይፈታም፤ እዚያ በኦፕሬተሩ ፈቃድና ስሌት የተተከለ ማጉያ ተገቢ ነው፣ አርማታው ራሱ መከለያውን ይሰጠዋልና። የመኖሪያ ቤት ግን ገና ሲሠራ ሊታሰብለት ይገባል። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ለዲሽ ኮንዲዩት ሲቀብር አንድ ሁለተኛ ከጣሪያው ጥግ እስከ ሳሎን ይቅበር፣ ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት። አንድ ለሰርቪስ ቤቱም።