እንደ ገና የሣሉት ሰዎች፦ ስለ ኦፕን ቲቲዲ

ገበጣ ለመጫወት የማንን ፈቃድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? መሬት ላይ ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ፣ ጠጠር ትለቅማላችሁ፣ ጨዋታው ይጀመራል። ጉድጓዱ ቢደፈን ሌላ ትቆፍራላችሁ። ገበጣ ባለቤት የለውም፤ አያረጅምም።

የቪዲዮ ጌም ግን እንዲህ አይደለም። ሠሪ አለው፣ ባለቤት አለው፣ ዕድሜም አለው። ኩባንያው መሸጥ ሲያቆምና ኮምፒውተሩ ሲለወጥ፣ ትናንት የተወደደው ጌም ዛሬ አልከፈት ይላል። በዚህ ጊዜ ወዳጆቹ ተሰባስበው እንደ ገና የሚሠሩት ጌም አለ። የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ ማለትም ኮዱን፣ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያርመውና ለሌላ እንዲያካፍለው ክፍት ያደርጉታል። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ ከእነዚህ አንዱን፣ ኦፕን ቲቲዲን፣ እንመዝናለን። የምንመዝነው ጌሙን ብቻ አይደለም፤ ሠሪዎቹ የሌላ ሰው ሥራ እጃቸው ሲገባ ምን እንዳደረጉበትም ነው።

መነሻው ትራንስፖርት ታይኩን ነው። ስኮትላንዳዊው ክሪስ ሳውየር ፕሮግራሙን ለማሽኑ ቋንቋ እጅግ በቀረበው በአሴምብሊ ጻፈው፤ ሳይመን ፎስተር ስዕሉን ሠራ፣ ጆን ብሩምሆል ሙዚቃውን። ማይክሮፕሮዝ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 አወጣው፤ በዓመቱም ዴሉክስ የተባለው የተሻሻለ እትም ተከተለ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ዘመኑ 1950 ነው፤ ብድርና ሰፊ መሬት ይሰጣችኋል። ከማዕድን ማውጫ የድንጋይ ከሰል ጭናችሁ ኃይል ማመንጫ ታደርሳላችሁ፤ የብረት አፈር ወደ ማቅለጫው፣ ብረቱ ወደ ፋብሪካው፣ የፋብሪካው ዕቃ ወደ ከተማው ይሄዳል። ከአዊ ከሰል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ አይሱዙ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ክፍያው የሚወሰነው በጭነቱ መጠን ብቻ ሳይሆን በርቀቱና በፈጀው ጊዜም ነው።

ባቡር በማያልፍባት በቆሰበር ቁጭ ብሎ ባቡር መምራት በመጀመሪያ ያስቃል። ቆይቶ ግን ያስተምራል። አንድ የባቡር ምልክት ያለ ቦታው ብትተክሉ ከኋላው ያሉት ባቡሮች ሁሉ ተሰልፈው ይቆማሉ። የምትተኩሱበት ጠላት የለም፤ የምትፈልጉት የገዛ ስህተታችሁን ነው። በእኔ ሚዛን የጌሙ ትልቁ ጥንካሬ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2004 ስዊድናዊው ሉድቪግ ስትሪጊየስ ያለቀውን ጌም ፈታትቶ፣ የማሽኑን ትእዛዝ እያነበበ፣ ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መልሶ የጻፈውን ኦፕን ቲቲዲን ለሕዝብ አወጣ። ኮዱ በዚህ መንገድ ተገኘ። ባቡሩ፣ ዛፉ፣ ቤቱና ድምፁ ግን የሌላ ሰው ንብረት ነበሩ። ስለዚህ አዲሱን ጌም ለመጫወት የፈለገ ሰው የአሮጌው ጌም ቅጂ ሊኖረው ይገባ ነበር።

አቋራጩ ቀላል ነበር። ስዕሎቹን ከፕሮግራሙ ጋር አሽጎ ማደል፣ «ጌሙ አሮጌ ነው፤ ማን ይጠይቀናል?» ማለት። ወዳጆቹ የመረጡት ሌላውን መንገድ ነው። እያንዳንዱን ፉርጎ፣ እያንዳንዱን ጣሪያ፣ እያንዳንዱን ዛፍ በየአቅጣጫው እንደ ገና ሣሉ፤ ድምፁንም ዜማውንም ተኩ። 1.0 የተባለው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከዚያ ወዲህ ጌሙ ከአሮጌው ምንም ሳይዋስ በራሱ ቆመ። የተዋሱትን ተክቶ ለመጨረስ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀ። የማከብረው ነጻ መሆኑን ሳይሆን ይህን ድካም ነው።

ሥራው ከነቀፋ የጸዳ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ፍሪሲቭ የተባለውን ጌም ከጎኑ አስቀምጡት። በዴንማርክ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀምሩት ሲቪላይዜሽን የተባለውን ታዋቂ ጌም ይወዱ ነበር፤ ኮዱን ግን ከባዶ ነው የጻፉት። እነዚህ የጎረቤትን ቤት አይተው የራሳቸውን ሠሩ። ኦፕን ቲቲዲ ግን ቤቱን ፈታትቶ፣ እንጨቱን ለክቶ የተሠራ ነው። ስዕሉ ቢተካም ለሳውየር ያለበት ዕዳ አላለቀም። ስሙን እያነሡ ማመስገን የዚያ ዕዳ ትንሹ ክፍያ ነው።

የጌሙን ውስጥ ስንመረምርም የምንነቅፈው አለ። ዛፍ በብዛት ከቆረጣችሁ የከተማው አስተዳደር ይቆጣል፤ ጣቢያ እንዳትሠሩም ይከለክላችኋል። መልሳችሁ ችግኝ ብትተክሉ ይታረቃችኋል። ጥሩ ትምህርት ይመስላል፤ ብዙ ተጫዋች ግን ችግኝ የሚተክለው ለመሬቱ ብሎ ሳይሆን ለፈቃዱ ነው። ለአስተዳደሩ ጉቦ የመስጠት ምርጫም አለ። ከተያዛችሁ በከተማው ዘንድ ያላችሁ ስም ይወርዳል፤ ካልተያዛችሁ ግን ይሳካል። ይሁን እንጂ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ጉቦን ጭራሹን መዝጋት ትችላላችሁ። የመዝጋቱ ምርጫ ለተጫዋቹ ተትቷል። እናንተስ ከመጀመራችሁ በፊት ትዘጉታላችሁ?

ከሁሉም የሚከብደኝ ሰው አለመኖሩ ነው። ተሳፋሪ ቁጥር ነው። ቤት ብታፈርሱ የሚቀንሰው ስማችሁ እንጂ የሚያለቅስ የለም። ወዳጆቹ በ256 በ256 የነበረውን ካርታ እስከ 4096 በ4096 አሰፉት፤ በዚያ ሁሉ መሬት ላይ ግን ፊት ያለው አንድ ገበሬ አልጨመሩም። የወደዱትን በታማኝነት መልሰው ሲሠሩ ጉድለቱንም አብረው ወረሱ። ይህ በጌም ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ ከአባቶቹ ሥራ የተረከበ ሁሉ ሊያስብበት ይገባል።

መልካሙ ነገር፣ የተከፈተ ሥራ ይታረማል። ተጫዋቾች የራሳቸውን ተሽከርካሪ እየሣሉ ይጨምሩበታል። ስዕል የምትችሉ ባጃጅ ወይም የፈረስ ጋሪ ብትጨምሩ የሚከለክላችሁ የለም። ፈቃዱ ግን እንዲህ ያዛል፦ አሻሽላችሁ ለሌላ ስታካፍሉ ኮዱንም አብራችሁ ስጡ። ለእናንተ የተከፈተውን በሌላው ላይ አትዝጉ ማለቱ ነው።

ኦፕን ቲቲዲ ቀላል ጌም ስለሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል፤ ኢንተርኔትም የግድ አይደለም። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ስትገለብጡት በሠሪዎቹ ፈቃድ ነው። እዚያው ፍላሽ ላይ ከጎኑ የተቀመጠውን፣ ሳይገዛ የተገለበጠውን ሌላ ጌም ግን ማን ፈቀደላችሁ? የእኔም ፍላሽ በዚህ ጥያቄ ፊት ንጹሕ ሆኖ አልቆየም። የሰው ሥራ ስንወድ «ከየት ላግኘው?» ማለት ይቀናናል። እነዚህ ሰዎች ግን «ምን ልሥራበት?» ብለው ብሩሽ አነሡ።